ማንጎው ሳይወድቅ

ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ። እናቴ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኛለች። እሷ ምን አለባት! ግቢያችን ውስጥ ያለው አሮጌ ማንጎ ያዘመመው ወደ ጎረቤታችን ቆርቆሮ እንጂ ወደ እሷ መኝታ አይደለም። ግንዱን ምስጥ ከውስጥ ጨርሶታል። ሳንኳኳው እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል። ላዩ ግን አረንጓዴ ነው፣ ያፈራል፣ ለሚያየው ሰው ጤነኛ ነው።

ጎረቤታችን ሶማሌ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ አማርራ አታውቅም። ያደረገችው ነገር ቢኖር የልጆቿን አልጋ ከዚያኛው ግድግዳ ሥር አንሥታ ሳሎን ውስጥ መዘርጋት ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «አብሽሪ አባዮ፣ አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ያውቃል» ትለኛለች። አላህ የሚያውቀውን እኔም ስለማውቀው እንቅልፍ የለኝም።

ክረምት ሳይገባ መቆረጥ እንዳለበት እናቴም አመነች። ቆራጮቹን ለቅዳሜ ቀጠርኳቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ይህን ማንጎ የተከለው አባቴ ነው። የባቡር መካኒክ ነበር፤ ከድሬ አቅራቢያ፣ ከሐርላ የመጣ ኦሮሞ፣ ሙስሊም። ከሥራ ሲመለስ ዘይት የጠጣ እጁን በአሸዋ አሽቶ ይታጠብና ከማንጎው ሥር ቁጭ ይል ነበር። ፍሬው ትንሽ ነው፣ መልክም የለው። ግን ቃጫ የሚባል ነገር አታገኙበትም። እሱን የለመደ ሰው የገበያውን ማንጎ ሲበላ ክር ያኘከ ይመስለዋል። አባቴ ከሞተ በኋላ የቀረን የእጁ ሥራ ይኸው ነው፤ ጣዕሙ እንዲጠፋ አልፈለግሁም።

«ፍሬውን ትከይዋ» አለችኝ እናቴ። ተክለነዋል እኮ! አንዱ ሳያፈራ ደረቀ፤ ሌላው ሲያፈራ ገመድ አፈራ፣ ራሷ ናት ያስቆረጠችው። ማንጎ ከፍሬው ሲበቅል እናቱን ይምሰል አይምሰል ዋስትና የለውም። በእርግጠኝነት እንዲመስላት ከራሷ ከዛፏ ቀንበጥ ተቆርጦ፣ በሌላ ችግኝ ላይ ተጣብቆ መታሰር አለበት። ስለዚህ ይህን የሚሠራ ችግኝ ሻጭ ፈልጌ ይዤ መጣሁ። ጉንጩ በጫት የተወጠረ፣ ወሬው ከሥራው የሚቀድም ሰው ነው።

«አብሽሩ እማማ!» አላት ገና ከበሩ። «ዛሬውኑ እናዳቅለዋለን!»

እናቴ ልትሰጠው የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«ማዳቀል ነዋ አቦ! ከሌላ ጋር...»

«በዚህ ግቢ የሚዳቀል ነገር የለም» ብላ ገባች። ሻዩም አብሯት ገባ።

ሰውዬው ምን እንዳጠፋ አልገባውም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ቢያንስ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሸዋ፣ ወደ ተወለደችበት ቤት ይዛኝ ወጥታ ታውቃለች። ታላቅ ወንድሟ በሩን በሰውነቱ ዘግቶ «ዲቃላሽን ይዘሽ በመጣሽበት ተመለሽ» አላት። ደጃፉን ሳንረግጥ ተመለስን። አባቴ ድሬ ባቡር ጣቢያ ጠበቀን። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ወደ ከዚራ፣ ወደ ሰፈራችን ሄድን።

ሳድግ ቃሉን ለራሴ ተረጎምኩት፤ እናት ክርስቲያን፣ አባት ሙስሊም፣ እናት አማራ፣ አባት ኦሮሞ፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ድሬ ላይ ይሄ ስድብ አይደለም። እዚህ ያልተደባለቀ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ፀሐይ ትጠልቅባችኋለች። ስለዚህ እስቅበት ነበር። አጎቴን ሳስበው የሚታየኝ ድሬን ያላየ ምስኪን ደገኛ ነው። እናቴ ግን አንድ ቀን አብራኝ ስቃ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ልመና ሆነ። «ግራፍት ነው የሚባለው» አልኳት። «ስሙን በፈረንጅ ስትጠሪው ነገሩ ይቀየራል?» «እሺ ማጣበቅ በይው።» «አላጣብቅም።» ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ቅዳሜ እየቀረበ ነው፤ ዛፉ ከወደቀ በኋላ ቀንበጡ በዚህ ሙቀት ውሎ አያድርም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ጋደም ባለበት ሰዓት ወንበር ላይ ወጥቼ ጥቂት ቀንበጦች ቆረጥኩና ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ላይ ሰካኋቸው። ማታ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። እናቴ ብርጭቆውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«ካባትሽ ዛፍ መስረቅ ጀመርሽ?» አለች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «በይ ጥሪው ያንን ቀባጣሪ» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ችግኞቹን በጥቁር ፕላስቲክ ይዞ ከተፍ አለ። ተምሯል፤ «ያንን... ያንን ነገርዬ እንሥራዋ» እያለ ግንባሩን ያብሳል። እናቴ ከፊቱ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ችግኙ ከየት ነው?»

«ከሐርላ። ድንጋይ መሃል የበቀለ ነው እማማ። ለብቻው ቢያፈራ ገመድ ነው፣ አልዋሽም። ሥሩ ግን፣ ወላሂ፣ ድርቅ አይበግረውም።»

«ሐርላ» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ፍሬው የማን ይሆናል?»

«የላይኛው ነዋ! የታችኛው ሥራው ማሳደግ ብቻ ነው። እኛ ቤት ይሄ ጉዲፈቻ ነው። የሰው ልጅ ወስደው እንደ ራሳቸው ያሳድጉ የለ? እንደሱ።»

 እናቴ አንዱን ችግኝ ሳብ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችለት። እሱ የችግኙን አናት በምላጭ ቆረጠ፣ መሃሉን ሰነጠቀ፣ ከማንጎው የወሰደውን ቀንበጥ ጫፉን አሹሎ ስንጥቁ ውስጥ አስገባ። በፕላስቲክ መጠቅለል ሲጀምር፣ ዓይኗን ከእጁ ሳታነሣ፣

«አባትሽም ያደረገው ይሄንኑ ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው ከቤት የተባረርኩት። ድሬ ስወርድ አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ያገኘኝ። የማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።»

ያ ቀባጣሪ ሰው ያሰረውን ፕላስቲክ ደጋግሞ ይጠቀልላል። እኔ ተናደድኩ። ሌላ ምንም አልተሰማኝም፤ ንዴት ብቻ። አጎቴ የተናገረው ክፉ ቃል እውነት ነበር፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን በማላውቀው ነገር ስስቅ ኖሬያለሁ። መስተዋት ፊት ቆሜ «ቅንድቤ የእሱ ነው» የምል ሴት ነኝ!

«እስከ ዛሬ?» አልኳት።

«ለምን ብዬ ልንገርሽ? አባት ያጣሽበት ቀን አለ?»

ጥያት ወጣሁ። በዚያ ፀሐይ እስከ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። የባጃጅ ሹፌሮች ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል። ስመለስ ሰውዬው ሄዷል፤ የታሰሩት ችግኞች ጥላው ሥር ተደርድረዋል።

ቅዳሜ ማንጎው ተቆረጠ። ጎረቤታችን ያን ዕለት ማታ የልጆቿን አልጋ ወደ ቦታው መለሰች። እኔ ግን አሁንም አላረፍኩም፤ ከነፋሱ ወደ ችግኞቹ ዞርኩ። ጠዋት አያለሁ፣ ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አያለሁ። ከእናቴ ጋር የምናወራው ስለ ሽንኩርትና ስለ መብራት ብቻ ሆነ። ችግኞቹ አንድ በአንድ ደረቁ፤ የተረፈው አንዱ ነው። እሱ ከአናቱ ቀይ ዳማ ቅጠል አወጣ። የአባቴ ማንጎ ነው፣ ያዘ!

ግን ከማሰሪያው በታች፣ ከራሱ ከሐርላው ግንድ፣ ሌላ ቀንበጥ ብቅ አለ። ከላይኛው የወፈረ፣ የፈጠነ። ለሰውዬው ደወልኩ።

«ቁረጪው አቦ! ዛሬውኑ! እሱ ካደገ የላዩን ይገድለዋል!»

መቀስ ይዤ ቁጢጥ አልኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ከሐርላ መጥቶ፣ ሥሩን ሰጥቶ፣ አሁን አንድ ቅጠል የራሴ ቢል በመቀስ? ንዴቴ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ እናቴ ከበሩ።

«ይሄ የአባቴ የራሱ ነው» አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ገባት። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ልጅ ልውለድልህ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩት» አለች። «‹የራሴ ከመጣ ዓይኔ ያደላል። ይቺ ትበቃኛለች› እያለ እምቢ አለኝ።» ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። «ቁረጪው ልጄ። እሱ ራሱ ድሮ ቆርጦታል።»

ቆረጥኩት። እያለቀስኩ ቆረጥኩት።