ታቢታ የሰፋችው የጅብ ፊት

የማቴዎስ ፊት ከእናቱ ልብ መጥፋት የጀመረው ከአገጩ ነው። ታቢታ አንድ ጠዋት ፒያሳ፣ የጠሀ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን እየነዳች ልጇን ልታስበው ፈለገች። ግንባሩ መጣ። ዓይኑ መጣ። አገጩ ግን አልመጣም። እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ መኪናው ቆመ። ስርጉድ ነበረበት ወይስ ስርጉዱ የሟች አባቱ ነው? የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ አፉ ሄደ። ቀስ እያለ፣ ከከተማዋ ሥር የተኛው ሐይቅ በክረምት ዳርቻውን እንደሚበላው፣ ትንሽ በትንሽ።

«ፈትዬ፣ ልጄ እየጠፋብኝ ነው» አለቻት ለጠሀ ሚስት።

ፈትያ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አቡጀዲ ትለካ ነበር። የበረንዳው ባለቤት እሷ ናት፤ ታቢታን ከወላይታ ስትመጣ ጀምሮ ያስጠጋቻት፣ ሐዘኗንም ደስታዋንም የምታውቅ። «ከጠፋማ ቆየ እኮ፣ ታቢቴ» አለቻት በለሆሳስ።

«የዚያን አይደለም የምልሽ። አሁን ከዚህ ነው የሚጠፋው» አለችና ደረቷን መታ መታ አደረገች።

ፎቶ አልነበራትም። አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረቻት፤ እሷኑ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ወታደር ሾፌር ሰጥታ፣ «ይህን ልጅ ያየ እያልክ ጠይቅልኝ» ብላ ለመነችው። ሾፌሩም ፎቶውም አልተመለሱም። ማቴዎስ ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሰ ወዲህ የላካቸው ደብዳቤዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከዚያ ዝም አለ። እግሩን አጥቶ የተመለሰ አንድ የጦር ጓዱ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ «እናቴ፣ ከዚያ ሸለቆ ስንወጣ አላየሁትም» ብሏት ሄዷል። አላየሁትም የሚል መርዶ ደግሞ የለም። በአላየሁትም እድር ድንኳን አይተክልም። በአላየሁትም ሰው ደረቱን አይመታም። ስለዚህ ታቢታ ሳታለቅስም ሳትጽናናም የሰው ልብስ ትሰፋለች።

ነገሩ የተጀመረው በዘፈን ነው።

ያኔ ታቢታ የምትሄድበት የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ፣ አማኞቹ በየቤቱ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። የታቢታ ቤት አንዱ ነው። የማቴዎስ ድምፅ ግን ዝቅ በል ቢሉት እሺ የሚል ድምፅ አልነበረም፤ በቆርቆሮው ስንጥቅ ወጥቶ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ያስቆም ነበር። ካስቆማቸው አንዱ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር በኃይሉ ነው።

«ጓድ እናታችን» አላት በሩ ላይ ቆሞ፣ እየሳቀ፤ «ይሄ ጉሮሮ ለጴንጤ ብቻ ተፈጠረ እንዴ? ለሰፊው ሕዝብም ይድረሰው እንጂ! ኪነት ይግባ። ኪነት የገባ አይዘምትም፤ እኔ አለሁ። አይ ካላችሁ ግን ይሄ ቤት እሑድ እሑድ ማንን እንደሚያስተናግድ እናውቃለን።»

ማቴዎስ ለእናቱ ሲል ገባ። የኪነት ቡድኑ ሁላችንም ምድጃ ዳር ሆነን የሰማናቸውን ተረቶች አንድ ላይ አያይዞ፣ ከዳር እስከ ዳር በዘፈን የሚሄድ ትርዒት እያዘጋጀ ነበር፤ ጦጣ ትዘፍናለች፣ አህያ ይዘፍናል፣ ፍየሏና ልጆቿ በር ዘግተው ይዘፍናሉ። ለማቴዎስ የደረሰው የሙሽራው ቦታ ነበር፤ ጥሎሽ ይዞ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ፊቱን ለሕዝብ አብርቶ የሚቆም።

ይሄኔ የአማኞቹ ሴቶች በታቢታ በኩል ሲያልፉ ሰላምታቸው አጠረ። «የታቢታ ልጅ ዘፋኝ ሆነ አሉ» የሚለው ወሬ ከጸሎት ቤት እስከ ገበያ ደረሰ። ታቢታ አፈረች። ልጇን ጠርታ እንዲህ አለችው፦

«አትዝፈን ብልህ ያስሩናል። ዝፈን። ፊትህ ግን አይታይ።»

«እማዬ» አላት እየሳቀ፤ «ፊቴ ምን በደለ?»

«አይታይ ብያለሁ።»

ማቴዎስ ኩማ ከሚባል ጓደኛው ጋር ቦታ ተለዋወጠ። ሙሽራነቱን ለኩማ ሰጥቶ ጅብነቱን ወሰደ። በማግስቱ አሮጌ ጆንያና የጫማ ቆዳ ቁራጭ ይዞ መጣና እናቱ መኪና ላይ አስቀመጠው። ታቢታ የጅብ ራስ ሰፋች። ጆሮውን ከቆዳው አወጣች፤ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ፣ ለአፍ አንድ ስንጥቅ ተወችለት። ሲለካው እንደ እንጀራ ልጅ የተጎሳቆለ ጅብ መሰለና ፈትያ እዚያው በረንዳው ላይ በሳቅ ፈረሰች።

«አንገቱ ጋ ላላ ይበል እማዬ፣ ላወልቀው ስል እንዳይታገለኝ።»

«ጠበቅ ነው የሚለው» አለች ታቢታ። «ስትዘል ቢወልቅስ?» በድርብ ክር መታችው፤ ማሰሪያውንም በኋላ በኩል አደረገችው።

ትርዒቱን ሄዳ አላየችም። ዘፈን ቤት አትገባም። ያን ምሽት ቤቷ ተንበርክካ ሳለ ከአዳራሹ በኩል ጭብጨባ ሰማች፤ ቀጥሎ የካሚዮን ሞተር ሰማች፤ ቀጥሎ የእናቶች ጩኸት። ወጣቱን አንድ ቦታ ሰብስቦ እንደመጠበቅ የሚቀል አፈሳ የለም። ተዋናዩንም ተመልካቹንም በር ላይ ጠብቀው ጫኑት። በኃይሉ «እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ» እያለ እንደተጫነ ያዩ አሉ።

እንግዲህ ፈትያ የካሴቱን ወሬ ይዛ የመጣችው ከአፈሳው ዓመት በኋላ ነው። ሠርግ ቤት ሰምታ ነው። ከሻይ ቤቱ ጀርባ የቪዲዮ ቤት ያለው ሽበሺ፣ ያ ሠርግ በካሜራው የሚያነሳው ልጅ፣ ያን ምሽት ትርዒቱን ቀርጾ፣ ካሜራውን ታቅፎ በጓሮ በር አምልጦ ኖሯል።

«ካሴቱ አለ» አለቻት ፈትያ እያለከለከች። «ግን ከተማው ውስጥ ባዶ ካሴት ጠፍቷል። ቅዳሜ የሌላ ሰው ሠርግ ሊቀዳበት ነው። ተነሽ፣ ዛሬውኑ!»

ታቢታ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ተነሳች።

ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ፈትያ አየቻት። «አይዞሽ፣ በጠዋት ሰይጣንም አልተነሳ» አለቻት፤ ታቢታ ግን አልሳቀችም።

ሽበሺ አግዳሚ ወንበሮቹን እየጠረገ ነበር። «እትዬ ታቢታ! በሉ ዓለም አለቀ! ጴንጤ ቪዲዮ ቤት ገባ!» አለ። ከዚያ ነጠላዋን ስትገልጠው ፊቷን አየ። መጥረጊያውን አስቀመጠ። «ይቀመጡ፣ እናቴ» አላት።

ቴሌቪዥኑ ዓይን እንዳይጎዳ ተብሎ መስታወቱ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ካሴቱ ተዋጠ። መስመር፣ ንፍጥ የመሰለ ብርሃን፣ ከዚያ አኮርዲዮን። መድረኩ ሰማያዊ ነው፣ ሰዎቹም ሰማያዊ፤ ከሐይቁ ሥር ሆነው የሚዘፍኑ ይመስላሉ። ጦጣዋ ጅራቷን ረግጣ ወደቀች፣ አዳራሹ ሳቀ። አህያው ግጥሙ ጠፋው፣ አዳራሹ ጮኸ። ኩማ በሙሽራ ካባ ወጣ፤ ፊቱ ሙሉ፣ ቁልጭ ያለ፣ ቅንድቡ ሳይቀር የሚታይ። ታቢታ ኩማን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ያ ቦታ የማን እንደነበር ታውቃለች።

ከዚያ ጅቡ ገባ።

«ይቺ የኔ ስፌት ናት» አለች። ጆሮውን አየች፤ ቆዳው። አካሄዱን አየች፤ ቀኝ ትከሻው ዘንበል የሚለው፣ ውኃ ሲቀዳ የለመደው። አያ ጅቦ በተረቱ እንደሚያደርገው ሁሉንም አታሎ፣ ሁሉም ነቅቶበት፣ በመጨረሻ በፍየሏ ዝግ በር ፊት ለብቻው ቀረ። አኮርዲዮኑ ዝም አለ። ጆንያው ውስጥ ያለው ድምፅ ጀመረ፦

ዝናቡ ወረደ፣ ጨለማው በረታ፣
ክፈቺልኝ በሩን፣ ልጠጋ ላንድ ማታ።
ጅብ መጣ አትበዪ፣ ቆዳዬን ብታዪ፣
ድምፄን አድምጪና፣ ማን እንደሆንኩ ለዪ።

ታቢታ የፈትያን እጅ ያዘች። ዜማው የእሷ ነበር። መኪናዋን ስትነዳ ከጥርሷ ሥር የምታንጎራጉረው፣ እሑድ በተዘጋ በር ውስጥ ዝቅ አድርገው የሚዘምሩት፣ የታሸገው ጸሎት ቤት ዜማ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ጓዶች «አድኃሪ ጅብ! አይከፈትለት!» እያሉ ሲስቁና ሲያጨበጭቡ ይሰማል። ለምኑ እንደሚያጨበጭቡ አያውቁም። ልጇ አልዘፈነም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእሷ ጆንያ ውስጥ ሆኖ፣ ለእሷ ዘመረላት፤ እሷ ግን አልነበረችም።

«መጨረሻ ላይ ያወልቁታል ኣ?» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

«ሁሉም አውልቀው እጅ ነስተዋል። ትዝ ይለኛል እኮ እትዬ፤ የእርስዎ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ሲስቅ። አሁን ይመጣል።»

ጭብጨባው ጀመረ። ተዋናዮቹ ተሰለፉ። ጦጣዋ ጭምብሏን ገፈፈች፣ ከሥሩ አንዲት ቀጭን ልጅ ወጣች። አህያው ገፈፈ። ጅቡ ሁለት እጁን ወደ አንገቱ አነሳ። ሳበው። አልወጣም። ወደ ኋላ ዞሮ ማሰሪያውን ፈለገ፤ ጣቶቹ ሲታገሉ ይታያሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ኩማ ሊረዳው ጠጋ አለ። ድርቡ ክር ላላ፣ ጆንያው አንድ ጊዜ ከፍ አለ፣ አንገቱ ታየ፣ ከአንገቱ በላይ—

እልልታ።

አንዲት የማትታወቅ ሙሽራ በአበባ ካጌጠ ላንድሮቨር ወረደች።

«ምንድነው?» አለች ፈትያ።

ሽበሺ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «የባለፈው ሠርግ ነው... ጭብጨባውን ስሰማ አልቋል ብዬ፣ ከዚያ ላይ ቀጠልኩበት... እትዬ፣ አላሰብኩትም፤ በእናቴ ሞት አላሰብኩትም።» ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለች ታቢታ። «ከኋላ ይመጣ ይሆናል።»

«አይመጣም እትዬ፣ እሱ እኮ...»

«ተወው አልኩህ፣ ልጄ።»

የማታውቃቸውን ሰዎች ሠርግ አየች። ኬክ ሲቆረስ አየች። አጎቶች ሲጨፍሩ፣ ሚዜ ሲሰክር፣ ሕፃን ሲያለቅስ አየች። አዲስ ፊት በመጣ ቁጥር ወደ ፊት ትሳባለች፤ ባልሆነ ቁጥር ወደ ኋላ ትመለሳለች። ሠርጉ አልቆ ነጭ ዝናብ መስታወቱን እስኪሞላው፣ ከዚያም ወዲያ፣ ተቀምጣ ጠበቀች። ፈትያ አቡጀዲ የምትለካበትን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መልሰው» አለች ታቢታ። «ጆንያው ከፍ ከሚልበት አቁምልኝ።»

ሽበሺ መለሰ፣ አቆመ። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ጅቡ ሁለት እጁ አንገቱ ላይ፤ ጆንያው አገጩ ድረስ የተነሳ ይመስላል፣ ወይም ጥላ ነው። ታቢታ ተነስታ ተጠጋች። አገጩን ፈለገች። ስርጉድ ነው? መስመር ነው? ከዚያ እንዲህ አለች፤ ንግግር ነበር፣ ግን እንጉርጉሮ ሆኖ ወጣ፦

ሰው እንዳያይ ብዬ፣ ሸፋፍኜ ልጄን፣
ፊቱን ከለከልኳት፣ ይቺን ክፉ ዓይኔን።

እጇን ጡቷ ሥር ሰደደች። የተበላሸ ስፌት የምትፈታበትን ምላጭ፣ በወረቀት የተጠቀለለውን፣ አወጣች። ማንም ሳይደርስባት ጎንበስ ብላ፣ አንገቱ ላይ ድርቡ ክር ባለበት ቦታ፣ ምላጩን አሳረፈችው። ቀስ አድርጋ፣ ሥጋውን እንዳትነካ ተጠንቅቃ፣ እንደማንኛውም ስፌት ከቀኝ ወደ ግራ ፈታችው። ላስቲኩ ጢጥ ጢጥ እያለ ተሰነጠቀ።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ» ትላለች። «እኔ ልፍታው። እኔ ልፍታው።»

ፈትያ ከኋላዋ አቅፋ ምላጩን ከጣቷ ወሰደችባት። ሽበሺ ቴሌቪዥኑን ማጥፋትም አልቻለ። ጅቡ እጁን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ሦስቱን እያያቸው ተንቀጠቀጠ።

ቅዳሜ ሽበሺ ለሙሽሮቹ ሌላ ካሴት ከሻሸመኔ ተውሶ ሄደ። ታቢታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። አንዳንድ ጠዋት፣ ተመልካች ሳይገባ፣ መጥታ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ ያንን መዝሙር ሰምታ፣ ጆንያው ከፍ ሲል አይታ፣ ሙሽራዋ ከመኪና ሳትወርድ ትወጣለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ መሳብ ትታለች።

ላስቲኩን ሽበሺ አልቀየረውም። ከሰዓት በኋላ የህንድ ፊልም ሊያይ የሚመጣው ጎረምሳ፣ ከሚጨፍሩት ቆነጃጅት አንገት ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፈውን ቀጭን መስመር እያየ ይጮኻል፦

«ሽበሺ! ይሄ ነገር ተቀደደብህ እኮ! ምንድነው?»

«ስፌት ነው» ይላል ሽበሺ። «ዝም ብለህ እይ።»