ነጭ ብረት ባለበት በዩብዶ

በአንድ የጥቅምት ማለዳ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተነሣሁት ድንጋይ ላመጣ ነው። የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። አለቃዬ ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍለን ሃይድሮጅን ብናወጣ፣ ቤንዚን በራሽን በሚታደልበት አገር መኪና እናንቀሳቅስበታለን ብለው ያምናሉ። ውሃው ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ለመቀባት የሚመረጠው ፕላቲነም ቢሆንም ከውጭ ለመግዛት ምንዛሪ አልተፈቀደልንም። ስለዚህ በምትኩ ኒኬል ያለበትን ድንጋይ ከወለጋ እንዳመጣ ላኩኝ። የያዝኩት ደብዳቤም ከድንጋይ ሌላ አይፈቅድም።

ነቀምቴ

አምቦንና ባኮን አልፈን ስንደርስ ከተማዋ ጉም ውስጥ ነበረች። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር አንድ የጉራጌ ነጋዴ ቤት አደርኩ። ባለቤቱ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር በቅቤ ለውሰው አቀረቡልኝ፤ በላሁና እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ደዴሳ

በማግስቱ መንገዱ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ አፈዘዘን። ተሳፋሪው ሁሉ አንቀላፋ። ከድልድዩ በታች ወንዙ የቆመ ይመስላል። እኔም ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳልለይ ጊምቢ ገባን።

ዩብዶ

ገበሬ ማኅበሩ መንገድ እንዲያሳዩኝ ኦቦ ዲንሳን ሰጠኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ብርብር ወንዝ ዳር አሸዋ እያጠቡ ፕላቲነም ሲለቅሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ቀን አብረን ጥቁር ድንጋይ ስንሰበስብ ቆየንና ለምን እንደምፈልገው ጠየቁኝ።

በቃል ከማስረዳ ላሳያቸው ብዬ ቤታቸው ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ የአመድ ውሃ በብርጭቆ አዘጋጀሁ። የራዲዮ ባትሪዎችና ሁለት ሽቦ ይዤ ነበር። ከአንደኛው ሽቦ የወጣውን አረፋ በሳሙና ውሃ ሰብስቤ ክብሪት ሳስጠጋ ጧ ብሎ ነደደ።

«ቢሻን ነው የተቃጠለው?» አሉ። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው።

አዎ፣ ከውሃ የወጣ ነው፤ ሲነድም ተመልሶ ውሃ ይሆናል አልኳቸው።

ከዚያ ጓዳ ገብተው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አመጡ። የምስር ፍሬ የሚያክሉ ነጫጭ የፕላቲነም ቅንጣቶች ነበሩ።

«ውሰጂው፣ እንተላ ኮ። እኔ ዘንድ ሥራ የለውም» አሉኝ፣ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

መዳፌ ላይ ሲያርፍ ከመጠኑ ይልቅ ከበደኝ። ብረቱን መግዛት የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው፤ ብያዝ ሁለታችንም እንታሰራለን። ከየት አመጣሽው ቢሉኝስ አልኳቸው።

«ስሜን ንገሪያቸው። እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ።»

ቅንጣቶቹን መለስኩላቸው። መልሰው በጨርቁ ቋጠሩት። በማግስቱ ግን ድንጋዩ ያለበትን የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው መኪናው ድረስ ሸኙኝ።

መመለስ

ነቀምቴ መግቢያ ኬላው ላይ ሽቦውንና ባትሪዎቹን ሲያዩ ከመኪና አወረዱኝ። አንዲት ጠባቂ የጸጉሬን ሹሩባ ሳይቀር ፈተሸች። የራሴን ስም ስጠየቅ እንኳ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ደብዳቤውን አንብበው፣ ድንጋዩን ገለባብጠው ከሰዓታት በኋላ ለቀቁኝ።

ከድንጋዩ ያወጣነው ኒኬል ጥቂት ነው። ሽቦ ቀባንበት፤ አረፋው ቀስ እያለ ወጣ። አለቃዬ ፕላቲነም አይተሽ ነበር ወይ አሉኝ። በእጄም ይዤ ነበር አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ሕግ አክባሪ ሆኜ አይደለም የመለስኩት። አንድ ጥፊ ቢያርፍብኝ የሽማግሌውን ስም እንደምናገር ስለማውቅ ነው። እሳቸው ግን ስጦታቸውን የናቅሁ መስሏቸው ይሆናል። ኦቦ ዲንሳ ብዬ የጻፍኩትም እውነተኛ ስማቸው አይደለም።