የጓያ እንፋሎት

አያቴ የተቀበረች ዕለት እናቴ አላለቀሰችም። ከጎረቤላ ቁልቁል ባለው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ቆማ አየች። አልቃሾቹ አንዴ እሷን እያዩ፣ አንዴ እርስ በርስ እየተያዩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ይጋባባት እንደሆነ ብለው ነው። አልተጋባባትም። «የደብረ ብርሃን ብርድ እንባዋን አድርቆታል» አለች አንዷ፣ እኔ እንድሰማት አድርጋ። ለቅሶ ላይ ሰው መስደብ ነውር ባይሆን የምመልስላት ነበረኝ።

እናቴ አልታየች ትባላለች። ከዚያችው ከአያቴ መንደር ገና ልጅ ሳለች ወጥታ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተቀጠረች፤ ኋላ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ክር ክፍል ገባች። እስካሁንም እዚያው ናት። እኔን ብቻዋን አሳደገችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደስ ሲላትም ሲከፋትም ፊቷ አንድ ስለሆነ ሰው የሚከፋት አይመስለውም እንጂ። ክረምት ሲገባ ለአያቴ ብርድ ልብስ ትልካለች። እሁድ እሁድ ትደውልላታለች። «ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ» ትልና ትዘጋዋለች። እኔ እንኳ ከጓደኞቼ ጋር ከዚያ የበለጠ አወራለሁ።

አያቴን ያስታመማት የእናቴ ታላቅ ወንድም ኃይለ ገብርኤል ነው። አጎቴ የሚሄደው በሁለት ምርኩዝ ነው፤ እግሮቹ ከጉልበቱ በታች አይታዘዙትም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ጎረምሳ ሳለ ጓያ ሰብሮት ነው። ጓያ ዝናብ ጠፍቶ ሌላው እህል ሲደርቅ ብቻውን የሚያፈራ ጥራጥሬ ነው፤ ሌላ አጥቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይያዛል። አገሬው ታዲያ «ታመመ» አይልም። በዱላ የመቱትን ይመስል «ጓያ ሰበረው» ይላል።

የአያቴ የአርባ ቀን መታሰቢያ አንድ ሳምንት ሲቀረው አጎቴ በሚኒባስ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ከባጃጁ ሹፌር ጋር ደግፈን አሳፍረን ወደ ቤት አመጣሁት። ለምን እንደመጣ ያወቅኩት ሻዩን ሳይነካ ሲናገር ነው።

«አልታዬ፣ እናቴን እንደ ጎረቤት ቀበርሻት» አለ። «አሁንም ልብሽ እንደዚያው ከሆነ አርባዋ ላይ አትምጪ። ሰው ፊት ሁለተኛ አታዋርጂኝ።»

እናቴ «እሺ» አለች።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ከቤተሰቡ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ግትርነቱን ደግሞ እኩል ነው የተካፈሉት። ይህ ቃል አርባው ድረስ ከዘለቀ አንዱ የሌላውን ደጅ እስኪሞት አይረግጥም። እናቴን አየኋት። ለእግሩ ማሳረፊያ ዱካ እያቀረበችለት ነበር።

«ምን ልሥራልህ?» አለችው።

«ጓያ» አለ። «እናታችን ያኔ የምትቀቅለውን ንፍሮ። አንዴ ልቅመሰው። እንዴት እንደምትሠራው ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«የሰበረህን?» አልኩ ሳላስበው።

«ሔራንዬ፣ እግሬን ወሰደ፤ ነፍሴን ተወልኝ። የጎረቤቶቻችን ልጆች እግራቸው ደህና እንደሆነ ነው የተቀበሩት።»

ይህን ተናግሮ ሻዩን አነሣ።

በማግስቱ እህል ተራ ወርጄ ጓያ ገዛሁ። ነጋዴው «ለበሬ ነው?» አለኝ። «ለአጎቴ» አልኩት። ሳቀ፤ ቀልዴን መስሎት ነው። እናቴ ለቅማ፣ አጥባ ዘፈዘፈችው። ማታ ውሃውን ደፍታ በሌላ ውሃ ዘፈዘፈችው፤ ጠዋትም እንዲሁ። መርዙ በውሃው ይወጣል።

«ያኔም እንዲህ ይደፋ ነበር?» አልኳት።

«ውሃ ከየት ተገኝቶ?» አለች።

ድስቱን ከሰል ላይ ጣደችው። አንድ እፍኝ ገብስ ጨመረችበት። ጨው ሳቀብላት «ያኔ አልነበረም» ብላ መለሰችልኝ። መንተክተክ ሲጀምር የጥሬ እህል ሽታ ቤቱን ሞላው። ልታማስለው ክዳኑን ስታነሣ አጎቴ ምርኩዞቹን ለቀም አድርጎ ወደ በሩ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«እንፋሎቱ» አለ።

እዚያ አገር የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይባላል። ጓያ ሲቀቀል ወንዶች ከቤት ይወጣሉ፤ የምትቀቅለዋ ሴት ጉልበቷን በጨርቅ ትጠቀልላለች። ከዓመታት በኋላ የጤና ባለሙያዎች መጥተው የሚሰብረው እህሉ ራሱ እንደሆነ አስተምረዋል። አጎቴም ያውቀዋል፤ ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። ግን ጭንቅላቱ የሰማውን ለእግሩ አልነገረውም መሰለኝ። የተሰበረ ሰው ደግሞ ምኑ ይሰበራል ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

«ተቀመጥ፣ ወንድምዓለም» አለች እናቴ። ጀርባዋን እንደሰጠችው ታማስላለች። «እንፋሎት አይሰብርም። ቢሰብር ኖሮ የምሰበረው እኔ ነበርኩ።»

«አንቺማ ትንሽ ልጅ ነበርሽ።»

«ትንሽ ነበርኩ። ድስቱ አጠገብ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። አንተን ከአጥሩ ውጭ ትሰድሃለች፤ እኔን ‹ክዳኑን ክፈቺ፣ አማስዪ› ትለኛለች። አንድ ቀን ጎረቤት መጥታ ‹ልጅቷንስ አታስወጫትም?› አለቻት። ምን አለች መሰለህ? ‹ወንዱ ያርስልኛል። ሴቷ ብትሰበር ቁጭ ብላ ትፈትላለች።›»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ያወጣው ጓያ ሆነ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እናቴ ስለዚያ ዘመን እንዲህ አውርታ አታውቅም። ድምፅዋ ደግሞ አልተለወጠም፤ ስለ ሽንኩርት መወደድ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«ንፍሮው ቀዝቅዞ አንተ ስትገባ ብዙውን ለአንተ ትሰጥሃለች» አለች። «ገበሬዋ ነሃ። ለእኔ ድስቱ ሥር የቀረውን። ከእንፋሎቱ አርቃህ እህሉን አጎረሰችህ። እኔን ለእንፋሎቱ ሰጥታ አተረፈችኝ። ስትሞት ልቤን ፈለግኩት፣ ወንድምዓለም። መጥላቱንስ አልጠላኋትም። ምንም የለም። ባዶ ነው። ምኑን ላልቅስ?»

አጎቴ በሩ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። እንፋሎቱ ቤቱን አልፎ እሱ ጋ ደረሰ። አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ የእርጅና ቅዠት መስሎኝ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ማታ ማታ ‹የአልታየች እግር እንዴት ነው?› ትለኛለች። ‹እማዬ፣ የተሰበርኩት እኮ እኔ ነኝ› እላታለሁ። ‹አውቃለሁ፤ የሷስ?› ትለኛለች። ሁልጊዜ። እኔ እየሳቅኩ ለሰው አወራው ነበር።»

ማማሰያው ቆመ።

«አንተ ምን ትላት ነበር?»

«‹ደህና ነው፤ ትሄድበታለች› እላታለሁ።»

«እሷስ?»

«‹እስቲ ድገምልኝ› ትላለች።»

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር። አላለቀሰችም። ጉልበቶቿን በሁለት እጆቿ ይዛ ከሰሉን እያየች ቆየች።

«ስደውልላት ለምን እኔን አልጠየቀችኝም?» አለች።

«ፈርታ ይሆናል» አለ አጎቴ።

«ምኑን ፈርታ?»

«አንቺን።»

ንፍሮውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጨው የሌለው ጓያ አፍ ውስጥ አፈር አፈር ይላል፤ ሁለት ፍሬ በልቼ ተውኩት። አጎቴ ቆንጥሮ ቀመሰና «ይሄ ነው» አለ፤ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። እናቴም ከተቀመጠችበት እጇን ዘርግታ ከሳህኑ ዘገነች። ያልተነጋገሩበትን ዘመን ሁሉ የሚያኝኩ ይመስል ቀስ ብለው በሉ። ሊጠናቀቅ ሲል አጎቴ የቀረውን ወደ እሷ ገፋላት። መልሳ ገፋችለት። ደግሞ ገፋላት፤ በላችው።

«አርባዋ ላይ ነይ» አላት። «ባታለቅሺም ነይ።»

«ንፍሮውን ማን ሊቀቅልልህ ነው ታዲያ?» አለችው።