አዴ ለሊሴ እና የቀይ ወረቀት አበቦች

ወይዘሮ ለሊሴ ጉርሜሳ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ባለችው ቤታቸው አረፉ። ለአብዛኞቻችን አዴ ለሊሴ፣ እናታችን ለሊሴ፣ ነበሩ። ወሬው ያልደረሳችሁ፣ እጃጂ፣ ባኮ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ መቀስ መያዝን ከእሳቸው የተማራችሁ ሁሉ፣ ይኸው ከእኔ ስሙት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በወንጌላውያኑ መካነ መቃብር ቀበርናቸው። የሐምሌ ዝናብ እየወረደ ነበር፤ ቀባሪው ግን አልቀረም።

ይህን የምጽፈው በእንባ ነው ብል ውሸት ነው። በንዴት ነው የምጽፈው።

ሬሳው ከመውረዱ በፊት አንድ ሰው የአበባ ጉንጉን ይዞ ወደ ፊት ወጣ። ስሙን እዚህ አላነሣም፤ የአምቦ ሰው ያውቀዋል። በአብዮቱ ዘመን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነበር፤ ዛሬ የእህል ነጋዴ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «ወይዘሮ ለሊሴ በበዓል ቀን ሕፃናትን በማጫወት የሚታወቁ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌላቸው እናት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሰላም ኖረው...» ሲል መታገሥ አቃተኝ።

«በሰላም? ሰላም የምትለው አንተ ነህ?» አልኩት።

ሴቶቹ ነጠላዬን ጎተቱ። «ተይ ጥሩነሽ፣ መቃብር ላይ ነውር ነው!» እያሉ ደግፈው ወደ ኋላ ወሰዱኝ። እሱ ንግግሩን ጨረሰ። ሰውም በጨዋነት አዳመጠው። እኔ ግን የጀመርኩትን አልጨረስኩም። እዚህ እጨርሰዋለሁ።

አዴ ለሊሴ የተወለዱት እጃጂ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት የነበሩ ባል አግብተው አምቦ ገቡ። ባላቸው ቀድመው ሞቱ፤ ልጅ አልወለዱም። ቀበሌው ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍት እሳቸውን ዋና መምህርት አደረጋቸው። እኔም ከባኮ ተዛውሬ የመጣሁ መምህርት ነበርኩና በዚያው ተመደብኩ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቤቱ ወንበር አልነበረውም፤ ቀለም አልነበረውም፤ ወረቀትም አልነበረውም። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የሦስቱ ጢማሞች ምስሎች ግን ነበሩ፤ እነሱ ቀድመው ደርሰዋል።

«በምን እናስተምር?» አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

«ውጪ ነዋ ያለው!» አሉኝ፤ ቅርጫት አንሥተው እየወጡ።

ቢጫውን ከአደይ አበባ አወጣን። አረንጓዴውን ከተጨመቀ ቅጠል፣ ጥቁሩን ከከሰል፣ ቀዩን ከተወቀጠ ጡብ። የሲሚንቶ ከረጢት አራግፈን፣ ውስጠኛውን ወረቀት እየቆረጥን ሣልንበት። ሙጫችን በውኃ የተበጠበጠ የስንዴ ዱቄት ነበር። ለገና አዴ ለሊሴ ልጆቹን በልብሳቸው ላይ አሮጌ ሸሚዝ ደርበውላቸው ሁሉቃ ዳር ይወርዱና ጭቃ ያስቦኳቸዋል፤ በግ፣ ላም፣ ግርግም ይሠራሉ። ለቡሄ ደግሞ የአምቦ ውኃ ቆርኪ እየጠፈጠፉ፣ በሽቦ ሰክተው እንጨት ላይ ያስሩላቸዋል፤ ልጆቹ እያንሿሹ ሲሄዱ መንደሩ ይናወጣል። በዓሉ የማን እንደሆነ አይጠይቁም ነበር። እሳቸው ጴንጤ ናቸው ተብለው የሚታሙ ሰው፣ ለመስቀል ከደረቀ ጭራሮ የጣት ያህል ችቦ ያስሩላቸው ነበር። ለኢድ ደግሞ ባለሱቁ ጋሽ ሙዘሚል በሰጧቸው የብስኩት ካርቶን ልጆቹ ትንንሽ ሣጥን ያጣጥፋሉ፤ በየሣጥኑ ቴምር እየከተቱ እስላም ለሆኑ ጓደኞቻቸው ቤት ያደርሳሉ።

አንድ ቀን አንድ ልጅ አምስት እግር ያለው በግ ሠራ። እኔ አንዱን እግር ላነሣ እጄን ስዘረጋ በመዳፋቸው መቱኝ።

«አትንኪበት!»

«አምስት እኮ ነው፣ አዴ።»

«እሱ አምስት ያለው አይቶ ይሆናል። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አሉና ወደ ልጁ ዞረው፣ «ይኼኛው እግር ምን ይሠራል?» አሉት።

«ሲደክመው ይቀመጥበታል» አለ ልጁ።

ከዚያ ወዲህ «ትልቅ ሰው ያቃናው ሥራ የልጅ አይደለም» ሲሉ ሺህ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። «በዓል በሆድ ብቻ የገባለት ልጅ ያድርና ይረሳዋል፤ በእጁ የሠራው ግን አይረሳውም» ይሉም ነበር። እንግዲህ ያ ሰው መቃብር ላይ «ማጫወት» ያለው ይህንን ነው።

ሰው በጠራራ ፀሐይ እየተገደለ መንገድ ላይ የሚጣልበት ዓመት መጣ። አስታውሱት፤ ለማስታወስ የምትፈሩም አስታውሱት። ከተማሪዎቻችን አንዷ ጫልቱ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ገደሉት። እናቱ ወይዘሮ በለጡ እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ከል እንዳይለብሱ፣ ድንኳን እንዳይተክሉ፣ ሰው እንዳይገባባቸው። ጎረቤት በደጃቸው ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል። ጫልቱም ከቤት መውጣት ተወች።

ልጆቹ በየማለዳው ይጠይቁናል። «ጫልቱ ለምን አትመጣም? ታመመች?»

አዴ ለሊሴ «አዝናለች። ለእንቁጣጣሽ እኛ እንሄድላታለን» አሏቸው።

በጳጉሜ ከቀበሌው አንድ ጥቅል ቀይ ወረቀት መጣ። ልጆቹ መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ሰልፍ የሚያውለበልቡት ኮከብ ይሠራበት ተባለ። ሠራን። ልብ በሉ፤ የታዘዘውን ኮከብ አንድ ሳይጎድል ሠርተን፣ ሸንበቆ ላይ ለጥፈን አስረክበናል። የተረፈውን ቁርጥራጭ ግን አዴ ለሊሴ አልጣሉትም። ልጆቹን በክብ አስቀምጠው ቁርጥራጩን በጣት መጠቅለል፣ ጫፉን መቀንጠስ፣ ሥሩን በሣር ማሰር አሳዩአቸው። ልጅ ሁሉ አበባ ሠራ። አንዱ ጎመን መሰለ፤ አንዱ ጆሮ መሰለ።

እንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆቹን ይዘን ወጣን። «ኮታ፣ ኢጆሌ ኮ፣ ኑ ልጆቼ» እያሉ ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። በየቤቱ እየዘፈንን፣ አበባ እየሰጠን፣ ዳቦ እየተቀበልን ሄድን። የወይዘሮ በለጡ ደጅ ስንደርስ ነጠላቸውን ያዝኩ።

«አዴ፣ እዚህ ይቅርብን» አልኳቸው።

«የመጣነው እኮ ለዚህ ቤት ነው» አሉኝና አንኳኩ።

ወይዘሮ በለጡ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። ነጭ ልብስ ነበር የለበሱት፤ እንዲለብሱ ታዝዘው። ከልጆቻችን ትንሹ ወደ ፊት ሄደና ያን ጎመን የሚመስል ቀይ አበባውን ዘረጋላቸው። «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ። ለጫልቱም አለ» አላቸው።

ሴትየዋ አበባውን ተቀበሉ። ልጁን «ከብረህ ቆይ» ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ስንት ቀን አፍነውት ነበር! አዴ ለሊሴ ወደ ውስጥ ገብተው አቀፏቸው። ጫልቱ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ከልጆቹ መሐል ገባች። ከዚያ ከፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተ፤ ከጎን ያለው ተከፈተ። ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሴቶች መጡ። ያ የታገደ ለቅሶ በዓመት በዓል፣ በቀትር ተለቀሰ።

ልጆቹ በሰልፉ ቀን ኮከባቸውን አውለበለቡ። ከሰልፉ በኋላ አዴ ለሊሴን ወሰዷቸው። እኔንም ለምስክርነት ቀበሌ አዳራሽ አስጠሩኝ። ጉንጉን ይዞ የመጣው ያ ሰው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ሽጉጡ ከፊቱ።

«ጓዲት ለሊሴ፣ በአብዮቱ ወረቀት ለፀረ አብዮተኛ ቤት አበባ ሠርተሻል» አላቸው።

«አበባውን የሰጠነው ለእናት ነው» አሉ። «ልጆቹ ጠላት የምትሉትን አያውቁም። የሚያውቁት ጫልቱን ነው።»

«በስብሰባ ላይ ቆመሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። ተሳስቻለሁ ትያለሽ። ይበቃል።»

አዴ ለሊሴ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ተሳስቻለሁ ብዬ በልጆቹ ፊት ብናገር፣ እነሱም የተሳሳቱ ይመስላቸዋል። እነሱ ምንም አላጠፉም። ይህን አልልም» አሉት።

እኔን «ምን አይተሻል?» ሲለኝ «አበባ» አልኩት። «ሌላስ?» አለኝ። «አበባ ነዋ!» አልኩት። ገፍትረው አስወጡኝ። እሳቸውን አስቀሯቸው።

ክርናቸውን ወደ ኋላ አስረው እንዳሳደሯቸው የሰማሁት በኋላ ነው። ሲፈቱ በጋው አልቆ የበልግ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ልጠይቃቸው ሄጄ መቀስ ከጠረጴዛ ላይ ሲያነሡ አየሁ። ከጣታቸው ሾልኮ ወደቀ። እንደገና አነሡት፤ እንደገና ወደቀ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ከዚያ በኋላ አልታጠፉም። ኩላሊታቸውም ያን ጊዜ ነው የተጎዳው። ሐኪም የሞታቸውን ምክንያት ኩላሊት ነው ብሏል። ልክ ነው፤ ኩላሊታቸውን ያሳመመው ማን እንደሆነ ግን ሐኪም አይጽፍም።

ሥራቸውንም ወሰዱባቸው። የሚጸልዩበት ቤት ተዘጋ። የሚያውቋቸው ሰዎች መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ «ምናለ ዝም ብትል ኖሮ?» የሚለው ወሬ ነው። ይህን ያላችሁ ታውቃላችሁ። ልጆቻችሁ ያን ቀን አበባ ይዘው የሄዱ ሰዎች ናችሁ። አንድ ሴት በልጆቻችሁ ፋንታ ስትታሰር፣ ምናለ ዝም ብትል አላችሁ!

እሳቸው ግን በየበዓሉ ዋዜማ የግቢያቸውን በር ክፍት ማድረግ ጀመሩ። ማንንም አልጠሩም። መጀመሪያ ጫልቱ መጣች፤ ከዚያ የጋሽ ሙዘሚል ልጆች ካርቶን ተሸክመው መጡ፤ ከዚያ መንደሩ በሙሉ። መቁረጥ ስለማይችሉ በአፍ ይነግሯቸዋል፤ ልጆቹ ይቆርጣሉ። «ወደ ግራ አዙሪው። አዎ። አሁን ቀስ ብለሽ» ይላሉ፣ የማይታጠፈውን እጃቸውን ከልጅ እጅ በላይ ይዘው።

አንድ የቡሄ ዋዜማ ከልጆቹ መሐል አንድ አዲስ ልጅ አየሁ። የማን እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። የሊቀ መንበሩ ልጅ ነው። አዴ ለሊሴን ወደ ጓዳ ስቤ ወሰድኳቸውና «አዴ፣ የዚያን ሰው ልጅ? በዚህ ግቢ?» አልኳቸው።

«እጁን አየሽው?» አሉኝ። «ሰባት ዓመቱ ነው፤ የመቀስ አያያዝ እንኳ አያውቅም። ቤቱ ማንም አላስተማረውም።»

«አባቱ የእርስዎን እጅ...»

«አውቃለሁ እጄን ማን እንደነካው። ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አሉ፤ ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አባቱ በዚያ በር አይገባም። ይህን ምዬበታለሁ። ልጁ ግን ገብቷል፤ ቆርኪ ስጪው።»

ቆርኪ ሰጠሁት።

ስለዚህ ሰዎች ሆይ፣ አዴ ለሊሴ ከማንም ጋር ጠብ የላቸውም አትበሉ። ጠብ ነበራቸው። ከሚያስፈልገው ሰው ጋር፣ በሚያስፈልገው ቀን ተጣልተዋል፤ ዋጋውንም በአካላቸው ከፍለዋል። «ደግ ነበሩ» ብላችሁ ብቻ አታልፏቸው። ደግነታቸው ፍርሃት የሌለበት ስለነበር ነው ያሠቃዩዋቸው።

አዴ ለሊሴ፣ እናቴ፤

መቃብርዎ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሆነ እርስዎ ያውቁኛል፤ ሌላው የፈለገውን ይበል። ያ ሰው በቁምዎ በበርዎ እንዳይገባ ምለው ነበር፤ ሞተው መከልከል ሲያቅትዎ ጠብቆ መጣ። ይህን መቼም አልረሳለትም። ይቅርታ ማድረግ የእርስዎ ሥራ ነው፤ አድርገው እንደሆነም አልነገሩኝም። እኔ ግን አላደረግኩም፤ ሰዎች አሁን መንግሥት ተለውጧል ብለውም እንዳይለምኑኝ እየነገርኳቸው ነው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆቹ ይመጣሉ። የግቢውን ቁልፍ እህትዎ ሰጥተውኛል። አብሬያቸው መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ይህን ሁሉ ቁጣ ከበሩ ውጪ አስቀምጬ ነው የምገባው፤ ለትንንሾቹ አላወርሳቸውም። ዕድሜያቸው ደርሶ «አዴ ለሊሴ ማን ነበሩ?» ብለው የጠየቁኝ ቀን ግን ምንም አልደብቃቸውም፤ የሰውየውንም ስም ጭምር እነግራቸዋለሁ።

ናጋን ዴማ፣ አዴ። በሰላም ይሂዱ። እኛ ገና እዚህ፣ ካሠቃዩዎት ሰዎች ጋር ነን።