የሙሽራ መኪና ካምቢዮ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት፣ የዶርም ጓደኛዬ ሰላም እንጆሪ በወተት ጋበዘችኝ። ብርጭቆው ፊቴ ሲቀመጥ ሮዝ ነው፤ ከላዩ አረፋ ይዟል። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

"ምነው፣ ዝንብ ገባበት እንዴ?" አለችኝ።

"ዝንብ ቢሆንማ አውጥቼ እጠጣው ነበር" አልኳትና ወደ እሷ ገፋሁት። ምክንያቱ ለሚጠጣ ሰው የሚነገር አይደለም። እዚህ ግን ልጻፈው።

የወንድሜን የደሳለኝን መኪና ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቃት የለም። ለሚያያት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት፤ ከውስጥ ግን የራሷን ሞተር አስወጥቶ ቱርቦ ያለው ትልቅ ሞተር አስገጥሞባታል። ችግሩ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ካምቢዮ ነበር። አውቶማቲክ ነው፤ የተሠራውም ለቀድሞው ትንሽ ሞተር ነው። ደሳለኝ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ያጓራል፣ ካምቢዮው ይንሸራተታል፣ መኪናዋ ባለችበት ትቀራለች። የተረፈን የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነበር። ከደሳለኝ ልብስ አልፎ በሚቆርሰው እንጀራ ላይ ሳይቀር ይሸተኝ ነበር።

እኔ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ታላቅ እህታችን ትርንጎ በጥር ልትዳር ነው፤ ሙሽራው መላኩ የገሳይ ልጅ ነው። በእኛ ሰፈር የሙሽራ መኪና አንዴ ከተነሣ ከሙሽራው ደጅ ሳይደርስ አይቆምም፤ ከቆመ ትዳሩም መንገድ ላይ ይቀራል ይባላል። ትርንጎ ይህን ከልቧ ትፈራለች።

"ወንድምዓለም፣ የኪራይ መኪና ይሁንልኝ" ብላ ለመነችው።

"እህቴን የባዕድ መኪና ሊወስዳት? ሞቼ ነው!"

አነጋገሩ ያምር ነበር። ነገር ግን በገሳይ ዳገት ላይ አጀቡን ሁሉ ጥሎ መውጣት እንደሚያምረው ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ጠንካራ ካምቢዮ ፍለጋ ተጀመረ። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ጓሮ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ብርማ ቀለም የተቀባ፣ ቀላል፣ ማርሽ ቶሎ የሚቀይር ነው። ሁለተኛው ከጭነት ፒካፕ የወጣ፣ ጭቃና የቆየ ዘይት የጋገረበት ነው። "ይኼኛው ሸክም የለመደ ነው፤ መልኩን አትየው" አለው የሱቁ መካኒክ። ደሳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መልክ ትቶ ጉልበት መረጠ። ከሞተሩ ጋር እንዲገጥም ብረት አስጠረበ፤ ዘይቱንም የሚያበርድ ነገር ጨመረለት። እንደ እውነቱ ከሆነ ምርጫው ትክክል ነበር። እስከ ይፋግ ደርሶ ሲመለስ መኪናዋ አንዴም አልተንሸራተተችም።

ከዚያ በኋላ ሰው ማመስገን ጀመረ፤ ደሳለኝ ደግሞ ዓይን ፈራ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ድኝ ድኝ የሚሸት አንድ ጀሪካን ጸበል ይዞ መጣ። የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ በሠርጉ ዋዜማ ጸልየው ጎማውንና ኮፈኑን ረጩለት። እስከዚህ ድረስ የሁሉም መኪና ወግ ነው።

በማግስቱ ከቤታችን ተነሣን። እኔ ከፊት፣ ሙሽሮቹ ከኋላ ነበርን። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ገለባ ለብሷል፤ የጉና ብርድ በመስኮት ይገባል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ አጓራ፣ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። ያ የጠላሁት ሽታ እንደገና ሞላን። አሁን ግን የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ነገር ተቀላቅሎበታል። የአጀቡ ወንዶች ሁሉ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ከካምቢዮው የዘይት መጠጫ አፍ ሮዝ አረፋ እየተንፏፏ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል።

አባ ተክሌ ከኋላኛው መኪና ወርደው አዩት። "ደሳለኝ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"አባ፣ የተረፈውን ጸበል ትንሽ... አጠጣሁት።"

"እኔ ረጨሁት። አጠጣው ያለህ ማን ነው?"

"ውስጡንም ይጠብቀው ብዬ ነው እንጂ! ይኼው፣ ክፉው ነገር እየወጣ ነው" ብሎ አረፋውን በጣቱ ነካ።

የሰው ቁስል የሚታጠብበት ውሃ ነው፤ ከካምቢዮው ቀይ ዘይት ጋር ሲንተከተክ አስቡት። አስመለሰኝ። ከዚያ የባሰው ግን ክርክሩ ነበር። አንዱ ብርማው ይሻል ነበር ይላል፣ ሌላው በእጅ የሚቀየር ይሁን ይላል። ሙሽራው መላኩ ራሱ ሱሪውን ሰብስቦ ቁጢጥ ብሎ ይመራመራል። ትርንጎ የምትፈራው ነገር ደርሶባት መንገድ ዳር ቆማለች፤ የቀሚሷ ጠርዝ ሮዙ ኩሬ ውስጥ ገብቷል። ማንም አላያትም።

ባዶ ባጃጅ ሲያልፍ እጇን አነሣች። ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ጮኸች፦ "መላኩ! ያገባኸው ካምቢዮውን ነው ወይስ እኔን?"

መላኩ በዘይት እጁ እየሮጠ ደረሰባት። ገሳይ በባጃጅ ገቡ።

ትዳራቸው መንገድ ላይ አልቀረም፤ አሁን ልጅ አላቸው። ትርንጎ ቀሚሱን ብታጥበው ብታጥበው ስላልለቀቀላት ጠርዙን ቆርጣ "ዘይት መጥረጊያ ይሁንህ" ብላ ለደሳለኝ ላከችለት። ስድብ እንደሆነ ይገባዋል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ ደሳለኝ በዚያችው መኪና ከመናኸሪያ ተቀበለኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆንኩ ምክሬን ይፈልጋል፤ ከዚህ የሚጠነክር ካምቢዮ አግኝቷል። ያኛውስ መቼ ደከመ፣ ያበላሸው ያጠጣኸው ውሃ ነው ልለው ስል ዓይኔ መስተዋቱ ላይ አረፈ። የትርንጎ ቀሚስ ጠርዝ፣ ከነሮዝ እድፉ፣ እንደ ክታብ ተንጠልጥሏል። እጄን ስዘረጋ ደነገጠ።

"ተይ፣ እንዳትነኪው! ጸበል የነካው ነው።"

ሽታው እንዳይደርሰኝ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩት።