ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከተሳሳተ ትምህርት ጋር

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ አዋሽ

ሚኒባሱ ሞልቷል ከተባለ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ እኛ ግን አሁንም ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆመናል። እኔ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነኝ። የሶላር ውሃ ፓምፕ ጥገና የማስተምረው በኢንተርኔት ነው፤ በቪዲዮ ቀርጬ እጭናለሁ፣ ሠልጣኞች በየወረዳቸው ሆነው ያዩታል። ምዘናው ግን ሰመራ በአካል ካልተገኙ የለም። «ባሉበት ይማሩ» የሚለውን ማስታወቂያ የጻፈው ሰው ይህን መንገድ አንድ ቀን በሚኒባስ ቢሄደው ደስ ይለኛል።

3 ሰዓት፣ ገዋኔ

አቧራ፣ የተሳቢ ሰልፍ፣ ለገበያ የወረዱ ፍየሎች፣ ፉልና ትኩስ ዳቦ። የቁርስ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ዑመር ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ከየት መጣህ? መንገዱ እንዴት ነው? ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?»

ዳጉ መሆኑ ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል፤ እንግዳም ይጠየቃል። እኔ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ሦስተኛው ትምህርት ላይ አፌን አዳልጦኝ «ፓኔሉን ወደ ሰሜን አዙሩ» ብያለሁ፤ በእኛ አገር ወደ ደቡብ ነው። ባለፈው ወር ማረሚያ ቀርጬ ላክሁ፤ ስልኬ ዛሬም «በመጫን ላይ» ይላል። ደግነቱ የተመልካች ቁጥሩ እንደሚለው ስህተቱን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሁሉም ደህና ነው፣ ሐጂ» ብዬ ተነሣሁ። ፊታቸው ጠቆር አለ።

ረቡዕ፣ 2 ሰዓት፣ ሰመራ

ገና በጠዋቱ የምዘና ማዕከሉ ግቢ አሸዋ ይፋጃል። ስምንት ሠልጣኞች፣ ስምንት ፓኔሎች። ስምንቱም ወደ ሰሜን ዞረዋል።

ከአፋምቦ የመጣችው ፋጡማ ምክንያቷን ስትጠየቅ በራሴ አነጋገር መለሰች። «ፓኔሉን ወደ ሰሜን አዙሩ። ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።» ውሃ የጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ቪዲዮው ላይ። ኔትወርክ ያገኘው ወንድሟ ብቻውን አይቶ፣ ለእሷና ለሌሎቹ በዳጉ እንዳለ አድርሶላቸዋል።

መዛኙ ኤክስ ምልክቱን ሊያደርግ ብዕሩን አነሣ። ፋጡማ ካለፈች የመንደሯን ፓምፕ እንድትይዝ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ቃል ገብቶላታል፤ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ።

«ቅጹ ላይ የአሠልጣኝ ስህተት የሚል ቦታ የለም» አለኝ መዛኙ።

ፋጡማ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ መሳሳትህን መቼ አወቅህ?»

«ባለፈው ወር።»

«ለማን ነገርክ?»

«ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት።»

«ለሰው አልነገርክም?»

አፈርኩ። ስልክ ቁጥሯ እኮ መዝገቤ ላይ ነበር፤ ብደውልላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። በኔትወርኩና ያን ማስታወቂያ በጻፈው ቢሮ ስናደድ ከርሜ ለአንድ ሰው እንኳ አፌን አልከፈትኩም።

ጥፋቱ የኔ መሆኑን በወረቀት ጽፌ ፈረምኩ። መዛኙ እያጉረመረመ «ከሰዓት በኋላ ይደገም» አለ። ፋጡማ ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዞረች፤ ፓምፑ ትንሽ አንገራገረና ውሃ ተፋ። አለፈች።

ሐሙስ፣ 5 ሰዓት፣ ገዋኔ

ወደ አዋሽ ስመለስ ሐጂ ዑመር ከሩቅ አይተው ወንበር ሳቡልኝ።

«ፓኔሉ ወደ ደቡብ ነው አሉ» አሉኝ። «የአፋምቦዋ ልጅም አልፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። አንተም ጥፋቴ ነው ብለህ ፈርመሃል። ትናንት ማታ ሹፌሮች ነገሩን።»

ስልኬን አወጣሁ። «በመጫን ላይ» ይላል። አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

«እነሱ የነገሩኝን ሰምተሃል» አሉ ሐጂ። «አሁን አንተ ንገረኝ።»

የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩንባውን ይነፋል። እንዲጠብቅ በእጄ ምልክት ሰጠሁትና ከማክሰኞ ንጋት ጀመርኩላቸው።