«በፊት» የተባለችው ሴት

ታጠቅ የሚባል የማወፈሪያ ዱቄት ነጋዴ የመሰለች ገብረወልድን ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዳት ባነር ላይ አሳትሞ፣ ከበላዩ «በፊት» የሚል ጽሑፍ አኑሮ፣ አዳማ ውስጥ በሱቁ ደጃፍ ሰቀለው። ከጎኑ ጉንጮቿ የሞሉ የሌላ ሴት ፎቶግራፍ አለ፤ በእሱ ላይ «በኋላ» ይላል። ከሁለቱ ግርጌ፣ ዱቄቱን በወተት በጥብጦ የጠጣ ሁሉ ከመጀመሪያዋ ሴት ወደ ሁለተኛዋ እንደሚለወጥ በደማቅ ቀይ ቀለም ተጽፏል። የተፈጸመው በደል ይህ ነው። ልኩ በትክክል እንዲታወቅ ግን፣ ያ ፎቶግራፍ በእውነት ምን እንደሚያሳይ አስቀድሞ መነገር አለበት።

መሰለች ከመቂ ሽንኩርት እያስጫነች አዳማ ገበያ የምታከፋፍል ነጋዴ ናት። በዚህ ሥራ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጭነቱ ላይ ወጥቶ፣ ክንድን እስከ ብብት በጆንያዎቹ መካከል ሰዶ፣ ከሥር ያለው ሽንኩርት መርጠብ አለመርጠቡን መዳበስ። መሬት ላይ ቆሞ የሚገዛ ሰው ላዩን ደረቁን፣ ሥሩን የበሰበሰውን ይዞ ይገባል። መሰለች በወጣትነቷ ጭነት ላይ የምትወጣው እንደ ድመት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሣጥን ላይ ተቀምጦ የመሸጥ፣ ምሳን በዳቦና በለስላሳ የመሸኘት ዓመታት ተከተሉ። ሰውነቷ እየገዘፈ ሲሄድ ገበያው አደነቃት። «ተመችቷታል» አለ። እሷም ተመችቶኛል ብላ አመነች።

አንድ ቀን መቂ ላይ እግሯን የአይሱዙው ጎማ ላይ አሳረፈች፤ ሰውነቷ ግን አልተከተላትም። ወዛደሮች ከሥር ገፏት፤ አልሆነም። ደላሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ኧረ ክሬን ጥሩላት!» አለ አንዱ።

ወርዳ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ ደላላው በነገራት ቃል ገዛች። አዳማ ደርሶ ሲራገፍ የሥሩ ጆንያ ሁሉ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ሉብና ደሟን መርምራ ስኳር እንዳለባት ነገረቻት።

«መድኃኒቱን ይወስዳሉ፣ ይራመዳሉ፣ ለስላሳውን ይተዋሉ» አለቻት። «ሦስቱንም ነው፤ ከሦስቱ የሚቀልዎትን መርጠው አይደለም።»

መሰለች የታዘዘችውን አደረገች። ጎህ ሲቀድ አረንጓዴ ቱታዋን ለብሳ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ መራመድ ጀመረች። ብቻዋን አልነበረችም። ጎረቤቷ ሻሼም የደም ግፊት ስላለባት፣ ያችው ሲስተር ኪሎ እንድትቀንስ አጥብቃ አዛት ነበርና አብራት ትወጣለች። መጀመሪያ ላይ ከሰፈራቸው ጫፍ አላለፉም።

«መሲ፣ የዛሬው እዚህ ድረስ ነው» ትላለች ሻሼ፣ አጥር ተደግፋ እያለከለከች። «ከዚህ ወዲያ በባጃጅ ነው።»

«ባጃጁስ አንቺን ይችላል?»

ሻሼ እስክትንበረከክ ትስቃለች። ተሳስቀው ይቀጥላሉ።

መሰለች ለውጡን ያወቀችው በሚዛን አይደለም። አንድ ጠዋት ደጃፏ ላይ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታ። ጎንበስ ብላ አሰረችው። ቀና ካለች በኋላ ነው ያደረገችው ነገር የገባት፤ ለዓመታት ጫማዋን ስታስር ወይ ተቀምጣ ነው፣ ወይ ሰው ጎንበስ ብሎላት ነው። ለማንም አልተናገረችም። የሌላኛውን ጫማዋን ማሰሪያ ሆን ብላ ፈታችውና እንደገና አሰረችው።

ከወራት በኋላ መቂ ላይ እግሯን ጎማው ላይ አድርጋ፣ ገመዱን ጨብጣ፣ አንድ ጊዜ ተስፈንጥራ ጭነቱ ላይ ወጣች። ቁልቁል ስታይ የደላሎቹ አናት ብቻ ነው የሚታያት።

«ክሬኑ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ክንዷን በጆንያዎቹ መካከል ሰዳ፣ እርጥቡን ጆንያ አንድ በአንድ እየለየች አስወረደች። ሲስተር ሉብናም የስኳሯን ልክ አይታ ፈገግ አለች፤ መድኃኒቷንም ቀነሰችላት።

ፎቶግራፉ የተነሳው ከዚህ በኋላ በመጣ አንድ እሑድ ነው። በእሑድ ጠዋት አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ከተማው ስፖርት ይሠራል። መሰለች በዚያ ቀን የተዘጋውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በመሐል ወደ እርምጃ ሳትመለስ፣ ሮጣ ጨረሰች። ላቧ በፊቷ ይወርዳል፤ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ታጠቅ እዚያው ነበር።

«እትዬ መሰለች፣ ለማስታወሻ አንድ ላንሳዎት» አለና ስልኩን አወጣ።

መሰለች ትከሻዋን ወደ ኋላ መለሰች፤ አገጯን ቀና አደረገች። በሕይወቷ ፎቶግራፍ ስትነሳ ያላፈረችው ያን ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ በባነሩ ላይ «በፊት» የተባለው ይህ ነው። ታጠቅ ቀለሙን አጠቆረው፤ ላቧን የትኩሳት ላብ አስመሰለው፤ ዓይኗን በጥቁር መስመር ሸፈነው። ሰፈርተኛው ግን ቱታዋንም አቋቋሟንም ያውቃል፤ ወዲያው ለያት።

መሰለች የሆነውን የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። መጀመሪያ የገበያ ሴቶች በፔርሙስ አጥሚት ይዘውላት መጡ። «ጠጪ፣ ጉልበት ይሆንሻል» አሏት፣ ዓይኖቿን እየሸሹ። ከስታ ያያት ሁሉ «ምነው፣ ምን ነካሽ?» ማለቱን ለምዳዋለች፤ «ስፖርት ነክቶኝ ነው» እያለች ስትመልስ ኖራለች። አጥሚት ግን ለአራስና ለበሽተኛ ነው። ማግስቱን ጎህ ሲቀድ ሻሼን ለመጥራት በሩን ስታንኳኳ፣ የከፈተላት ባሏ ኡርጌሳ ነበር። ኡርጌሳ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ በሰፈሩ ቃሉ ይከበራል።

«አካም ጂርታ መሰለች» አለ፣ በሩን እንደያዘ። «ሻሼ ከእንግዲህ አትወጣም።»

«አመማት እንዴ?»

«ደህና ናት። ደህና እንደሆነች እንድትቆይ ነው።»

«ሐኪም ያዘዘላትን እኮ ነው የምታስተዋት፣ ኡርጌሳ።»

«ላንቺም ሐኪም ነው ያዘዘልሽ፤ የት እንዳደረሰሽ ታጠቅ ሱቅ ላይ ተሰቅሎ አየሁት» አለ። «እኔ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሚስቴ እንደዚያ ሆና ብትታይ ሰው ምን ይለኛል? የሰው እህል ይፈጫል፣ ሚስቱን አያበላም አይሉኝም?»

«ግፊቷ ሲጥላትስ ምን ይሉሃል?»

«ያን ጊዜ ያለቅሱልኛል» አለ ኡርጌሳ። «አይስቁብኝም።»

ከውስጥ የሻሼ ድምፅ ተሰማ። «መሲ፣ ነገ...» አለች፤ ቃሏን ሳትጨርስ በሩ ተዘጋ።

መሰለች ከዚያው በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ባነሩ ሥር ቆማ ሁለቱንም ፎቶግራፎች በጥንቃቄ ተመለከተች። የመጀመሪያዋን ሴት ወደደቻት፤ አላፈረችባትም። ታጠቅ መጥቶ ሱቁን ሲከፍት ያናገረችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው።

«ይህን አውርድ።»

«እትዬ፣ ማን ያውቅዎታል? ዓይንዎን እኮ ሸፍኜዋለሁ።»

«እንግዲያው አታውርደው። ጽሑፎቹን ብቻ አለዋውጥ። እዚህ ‹በኋላ› በል፣ እዚያ ‹በፊት› በል። ያኔ እውነት ይሆናል።»

ታጠቅ ከልቡ ሳቀ። «ታዲያ ማን ይገዛኛል?» ከመደርደሪያው ጣሳ አውርዶ ዘረጋላት። «ይልቅ ይቺን በነፃ ይውሰዱ። ለእርስዎ ከልቤ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቢሞሉ ያምርብዎታል።»

ጣሳውን መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ቀጥላ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄደች። ኃላፊው በትሕትና አስተናገዳት፤ ትሕትናው ምንም አላስከፈለውም።

«ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ማንነቱ አይታወቅም» አላት። «እርስዎ ስለመሆንዎ በምን እናረጋግጣለን?»

«ጎረቤቶቼ በምን አወቁኝ?»

«ምስክር ካለዎት ይዘው ይምጡ።»

አጥሚት ያመጡላትን የገበያ ሴቶች ይዛ ሄደች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። ሌላ ቀን ሄዱ፤ ለመስክ ሥራ ወጥቷል። ሴቶቹ ሥራቸውን ፈትተው መመላለስ አልቻሉም። በመጨረሻ ብቻዋን ስትመለስ አገኘችው። ኃላፊው ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«እውነት ለመናገር ከስተዋል፣ እናቴ። ለራስዎ ቢያስቡ ጥሩ ነው።»

«ለራሴ ያሰብኩ ጊዜ ነው እንዲህ የሆንኩት» አለችው። ኃላፊው ይህን አልመዘገበም።

መሰለች አላቋረጠችም። ጎህ ሲቀድ ያንኑ ቱታ ለብሳ ትወጣለች፤ በሱቁ ፊት ለፊት ታልፋለች፤ መንገዱን መቀየር ቀላል ነበር፣ አልቀየረችም። ሥራ ፈቶች «በፊት መጣች!» ሲሏት እጇን ታነሣላቸዋለች። መቂ ላይ አሁን ደላሎቹ እርጥቡን ጆንያ ራሳቸው አስቀድመው ያነሣሉ፤ እንደምትወጣ ያውቃሉ። ከስኳሯ ጋር ያላት ጉዳይ በእጇ ነው። ስለ አካሏ ለማንም ማብራሪያ አትሰጥም።

የሻሼን በር ግን በየጠዋቱ ታንኳኳለች። አንድ ቀን ኡርጌሳ ሳይኖር ሻሼ ራሷ ከፈተች። እግሮቿ አባብጠዋል። በእጇ ብርጭቆ ይዛለች፤ ውስጡ ዱቄቱ የተበጠበጠበት ወተት ነው።

«እሱ ነው የገዛልኝ» አለች።

«ሲስተር ታውቃለች?»

«መሲ፣ አንቺ ቆራጥ ነሽ። እኔ እንደዚያ ተሰቅዬ መታየት አልችልም።»

«ማንም አይሰቅልሽም፣ ሻሼዬ። አንድ ቀን ብቻ እንውጣ። እስከ አጥሩ።»

ሻሼ ወደ መንገዱ አየች። ጫማዋ በሩ አጠገብ ነበር። ቆይታ፣ ቆይታ፣ ብርጭቆውን ወደ አፏ አነሣች።

ባነሩ አልወረደም። ጽሑፎቹ አልተለዋወጡም። ሲስተር ሉብና የሻሼን የግፊት መድኃኒት ጨምራላታለች። ታጠቅ ዱቄቱን መሸጡን ቀጥሏል። የተጠየቀ ሰው የለም።